ኮምፖነንት (የቻት መተግበሪያ ገጽታ)

ኮምፖነንት በሶፍትዌር ሥራ የራሱ መልክና የራሱ ጠባይ ያለው፣ አንድ ጊዜ ተጽፎ በብዙ ቦታ የሚያገለግል የገጽታ ክፍል ነው። በቻት መተግበሪያ ላይ የሚታዩት የመልእክት ሳጥን፣ የላኪው ፎቶ፣ ሰዓቱ፣ መጻፊያ ቦታውና መላኪያ ቁልፉ እያንዳንዳቸው ኮምፖነንት ሊሆኑ ይችላሉ። ትንንሾቹ ተገጣጥመው ትልልቆቹን፣ ትልልቆቹም ሙሉውን ገጽ ይሠራሉ።

የቻት ገጽታ የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። አንደኛ፣ ገጹ በአብዛኛው የአንድ ነገር ድግግሞሽ ነው፤ ሺህ መልእክት ቢኖር ሺውም የሚሠራው ከአንድ ዓይነት ሳጥን ነው። ሁለተኛ፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካው ገጹ ይለወጣል፤ መልእክት ይገባል፣ ምልክቱ ከ«ተልኳል» ወደ «ተነቧል» ይዞራል፣ ያልተነበቡት ቁጥር ይጨምራል። ሦስተኛ፣ ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሳይደርስ የደረሰ የሚመስል መልእክት ሰዎችን ያሳስታል። ይህ ገጽ የአሠራሩን መሠረት ከገለጸ በኋላ፣ በአማርኛና በአገው ቋንቋዎች ሲሠራበት፣ እንዲሁም እንደ ዋግ ኽምራ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ምን እንደሚጠይቅ ያብራራል።

== ታሪክ ==

ሶፍትዌርን እንደ መለዋወጫ ዕቃ ከተዘጋጁ ክፍሎች የመገጣጠም ሐሳብ በይፋ ከቀረበባቸው ቀደምት መድረኮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን ጋርሚሽ ከተማ የተካሄደው የኔቶ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ጉባኤ ነው። በዚያ ጉባኤ ዳግላስ ማኪልሮይ ፕሮግራም ጻፊዎች ሁሉንም ነገር በየጊዜው ከዜሮ ከመጀመር ይልቅ በብዛት የተመረቱ ክፍሎችን ቢጠቀሙ እንደሚሻል ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሪንስካውግ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ሲሠራ መረጃውን፣ ማሳያውንና መቆጣጠሪያውን የሚለየውን «ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር» የተባለ አደረጃጀት ቀረጸ።

ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው አሠራር የተስፋፋው በሪአክት ነው። ሪአክትን የፌስቡክ ባልደረባ የነበረው ጆርዳን ዎክ ሠርቶት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በፌስቡክ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2013 ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ቪው (2014)፣ ሪአክት ኔቲቭ (2015)፣ የጉግል ፍላተር የመጀመሪያ ሙሉ እትም (2018)፣ የአፕል ስዊፍት ዩአይ (2019) እና የአንድሮይድ ጄትፓክ ኮምፖዝ የመጀመሪያ ሙሉ እትም (2021) ተከታትለው ወጥተዋል። ስሙ ይለያያል፤ በፍላተር «ዊጀት»፣ በኮምፖዝ «ኮምፖዘብል» ይባላል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቻት ልዩ ቦታ አለው። የፌስቡክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ፍለክስ የተባለውን የመረጃ አካሄድ ሲያስተዋውቁ እንደ ምሳሌ ያነሡት ያልተነበቡ መልእክቶችን ቁጥር ነበር። ተጠቃሚው «1 አዲስ መልእክት» የሚል ምልክት አይቶ ሲከፍት አዲስ ነገር አያገኝም። ስህተቱ ቢታረምም ተመልሶ ይመጣ ነበር። መነሻው ቁጥሩ፣ የመልእክት ዝርዝሩና የተከፈተው የቻት መስኮት ስለ አንድ ጉዳይ ለየብቻ መረጃ መያዛቸው ነበር። መፍትሔው መረጃው በአንድ ቦታ ብቻ እንዲቀመጥና ሁሉም ኮምፖነንት ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ሆነ።

ሌላው የሚጠቀስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው የሜሴንጀር የአይፎን መተግበሪያ እንደገና መጻፍ ነው። በኩባንያው መግለጫ መሠረት ዋናው ኮድ ከ1.7 ሚሊዮን መስመር በላይ ወደ 360,000 መስመር ወርዷል። በአሮጌው መተግበሪያ የሰዎችን ስም ዝርዝር የሚያሳዩ፣ በጥቂቱ ብቻ የሚለያዩ ከ40 በላይ ገጾች ነበሩ፤ በአዲሱ በአንድ የጋራ ገጽ ተተክተዋል።

== ግብዓትና ሁኔታ ==

ኮምፖነንት የሚያሳየውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። ግብዓት ከውጭ፣ ከያዘው ትልቅ ኮምፖነንት የሚሰጠው መረጃ ነው፤ ለመልእክት ሳጥን የላኪው ስም፣ ጽሑፉና ሰዓቱ ግብዓት ናቸው። ሁኔታ ደግሞ ራሱ የሚይዘውና ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥ መረጃ ነው፤ ለመጻፊያ ቦታ ገና ያልተላከው ጽሑፍ ሁኔታው ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት የፊደል ገበታ ይረዳል። «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» ሲባል መሠረቱ አንድ ቅርጽ ሆኖ በሚጨመርበት ምልክት ድምፁ ይለወጣል፤ ለእያንዳንዱ አናባቢ ፈጽሞ አዲስ ቅርጽ አልተፈጠረም። የመልእክት ሳጥንም እንዲሁ «የኔ ነው ወይስ የሌላ» በሚል አንድ ግብዓት ብቻ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይሰለፋል፣ ቀለሙንም ይለውጣል።

በተለመደው አሠራር መረጃ ከላይ ወደ ታች፣ ድርጊት ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። መላኪያ ቁልፉ ሲነካ ቁልፉ ራሱ መልእክት አይልክም፤ ለበላዩ «ተነክቻለሁ» ብሎ ያሳውቃል። የበላዩ መልእክቱን ወደ ዝርዝሩ ያስገባል፣ አዲሱ ዝርዝርም ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ያው ቁልፍ ሳይለወጥ በሌላ ገጽ ለሌላ ሥራ ሊውል ይችላል።

== የቻት ገጽ ክፍሎች ==

አንድ የተለመደ የውይይት ገጽ በሚከተለው መልክ ይከፋፈላል፦

* የገጹ ራስጌ፦ የሰውየው ወይም የቡድኑ ስም፣ ፎቶና «በመስመር ላይ» የሚል ምልክት
* የመልእክት ዝርዝር፦ የቀን መለያ፣ የመልእክት ሳጥኖችና ወደ ታች መመለሻ ቁልፍ
* የመልእክት ሳጥን፦ ጽሑፍ ወይም ፎቶ ወይም የድምፅ ቅጂ፣ ሰዓትና የመድረሻ ምልክት
* የመጻፍ ምልክት፦ ሌላው ወገን እየጻፈ መሆኑን የሚያሳይ
* መጻፊያ፦ የጽሑፍ ቦታ፣ ፋይል ማያያዣና መላኪያ ቁልፍ

ፎቶው በራስጌው፣ በመልእክት ሳጥኑና በውይይቶች ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ ራሱን የቻለ ኮምፖነንት ሆኖ በግብዓቱ መጠኑን ብቻ ይለውጣል። የመልእክት ሳጥን ከውስጡ ጽሑፍ፣ ፎቶ ወይም ድምፅ ቢይዝ ቅርፊቱ አንድ ነው፤ የሚለወጠው በውስጡ የሚቀመጠው ኮምፖነንት ነው።

== የመልእክት ዝርዝር ==

በቻት ገጽታ ውስጥ ከባዱ ሥራ ዝርዝሩ ነው። 5,000 መልእክት ያለበት የቡድን ውይይት በአንድ ጊዜ ሁሉም ሳጥን ቢሣል አነስተኛ ሜሞሪ ያለው ስልክ ይንቀራፈፋል ወይም መተግበሪያው ይዘጋል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚታዩትና ከእነሱ በላይና በታች ያሉ ጥቂቶች ብቻ ይሣላሉ። በአንድሮይድ ሪሳይክለር ቪው፣ በሪአክት ኔቲቭ ፍላትሊስት፣ በፍላተር ሊስትቪው ይህን ያከናውናሉ።

እያንዳንዱ ሳጥን ቋሚ መለያ ያስፈልገዋል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የመልእክቱን ተራ ቁጥር እንደ መለያ ይጠቀማሉ። በቻት ግን ተጠቃሚው ወደ ላይ ሲሄድ የቆዩ መልእክቶች ከአናቱ ይጨመራሉ፤ ያን ጊዜ የሁሉም ተራ ቁጥር ይለወጣል። ውጤቱም የአንዱ መልእክት ክፍት የድምፅ ማጫወቻ በሌላው መልእክት ሥር መታየት ነው። መለያው የመልእክቱ የራሱ እንጂ የቦታው መሆን የለበትም።

== የመድረሻ ምልክት ==

የመድረሻ ምልክት ትንሽ ቢሆንም ተጠቃሚው የሚያምነው ኮምፖነንት ነው። ትርጉሙም ከመተግበሪያ መተግበሪያ ይለያል። በዋትስአፕ አንድ ምልክት «ተልኳል»፣ ሁለት ምልክት «ስልኩ ላይ ደርሷል»፣ ሰማያዊ ሁለት ምልክት «ተነቧል» ማለት ነው። በቴሌግራም አንድ ምልክት መልእክቱ ቴሌግራም ሰርቨር መድረሱን፣ ሁለት ምልክት መነበቡን ያሳያል። ሁለቱንም የሚጠቀም ሰው ሁለቱን ምልክት በአንዱ «ደርሷል» በሌላው «ተነቧል» ብሎ ማንበብ አለበት።

ጥሩ ኮምፖነንት ቢያንስ አምስት ሁኔታዎችን ይለያል፦ በስልኩ ላይ በመጠበቅ ላይ፣ ሰርቨር የደረሰ፣ ተቀባዩ ስልክ የደረሰ፣ የተነበበ እና ያልተሳካ። እነዚህ «ተልኳል»፣ «ደርሷል» በሚሉ የተለያዩ የእውነት/ሐሰት ግብዓቶች ከተሰጡ «አልተላከም ግን ተነቧል» የሚል የማይሆን ውሕደት ሊፈጠር ይችላል። አንዱን ብቻ የሚቀበል አንድ ግብዓት ማድረግ ይህን ስህተት ከመነሻው ይዘጋል።

== ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ==

ዋግ ኽምራ በሰሜን ምሥራቅ አማራ ክልል የሚገኝ፣ ዋና ከተማው ሰቆጣ የሆነ የብሔረሰብ ዞን ነው። አገሩ ተራራማና ገደላማ ነው። በሰቆጣ ከተማ ያለ ሰው በዝቋላ ወረዳ ጽጽቃ ላለ ዘመዱ ሲጽፍ የሁለቱም ስልክ በአንድ ጊዜ ኔትወርክ ላይ መሆኑ ዋስትና የለውም። ከዚህም በላይ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የኔትወርክ መጥፋት እንደ ልዩ አጋጣሚ ሳይሆን እንደ ተራ ሁኔታ ታስቦ ገጽታው መሠራት አለበት።

ለዚህ የሚያገለግለው አሠራር መልእክቱ ሲላክ መጀመሪያ በስልኩ የመረጃ ቋት እንዲቀመጥ፣ በዝርዝሩም ወዲያው «በመጠበቅ ላይ» ተብሎ እንዲታይ ማድረግ ነው። መስመር ሲመለስ ወረፋ ይዘው የቆዩት በቅደም ተከተል ይላካሉ። ገጹ የሚያነበው ከስልኩ ቋት ስለሆነ ኔትወርክ ባይኖርም የቀድሞው ውይይት ይከፈታል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። መልእክቱ ሰርቨር ደርሶ ሳለ «ደርሷል» የሚለው ምላሽ በመንገድ ሊጠፋ ይችላል። ስልኩ እንዳልተላከ ቆጥሮ ድጋሚ ሲልክ ተቀባዩ አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ያያል። መልእክቱ «እንደምን አደርክ» ከሆነ ጉዳት የለውም፤ «500 ብር ላክልኝ» ከሆነ ግን 1,000 ብር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመልእክቱን መለያ ሰርቨሩ ሳይሆን የላኪው ስልክ ገና ሲጻፍ ይሰጠዋል። ሰርቨሩ ያንኑ መለያ ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ አዲስ መልእክት አይመዘግብም። ይኸው መለያ በዝርዝሩ ውስጥ የሳጥኑ ቋሚ መለያ ሆኖ ስለሚያገለግል ሳጥኑ ከ«በመጠበቅ ላይ» ወደ «ደርሷል» ሲሻገር አይዘልም፣ አይደገምም።

የመረጃ መጠንም ይታሰባል። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ጽሑፍ ይህን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ፎቶና ድምፅ ነው። ስለዚህ የፎቶ ኮምፖነንት በመጀመሪያ መጠኑን በኪሎባይት አሳይቶ ተጠቃሚው ሲነካው ብቻ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል። በኤስኤምኤስ ለመተካት የሚያስብ መተግበሪያ ደግሞ በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ የሚይዘው አንድ ኤስኤምኤስ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ እንደሚይዝ ማወቅ ይኖርበታል፤ የመጻፊያው ቆጣሪም ይህን ማሳየት አለበት።

== ቋንቋና ፊደል ==

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ተካትቷል፤ ቆየት ብለውም ተጨማሪ ክፍሎች ወጥተውለታል። በዋግ ኽምራ ከአማርኛ ጋር የሚነገረው ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለአገው ቋንቋዎች የሚያገለግለው የ«ጘ» ረድፍ በዩኒኮድ ቢኖርም መተግበሪያው የሚጠቀመው ፎንት እንደያዘውና ኪቦርዱ እንደሚያቀርበው መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይታያል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኙ ፎንቶች ናቸው።

=== ግስና አክብሮት ===

በእንግሊዝኛ የተሠራ የመጻፍ ምልክት ከስሙ ቀጥሎ አንድ ቋሚ ሐረግ ብቻ ያስቀምጣል። በአማርኛ ግን «እየጻፈ ነው»፣ «እየጻፈች ነው» እና «እየጻፉ ነው» ይለያያሉ። አያቱን የሚያወራ ልጅ «አያቴ እየጻፈ ነው» የሚል ቢያይ ስህተት ብቻ ሳይሆን ድፍረትም ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ጾታንና አክብሮትን እንደ ግብዓት መቀበል፣ ወይም «በመጻፍ ላይ» በሚል ከሁሉም ጋር በሚሄድ ስማዊ ሐረግ መጠቀም። መተግበሪያው የሰውን ጾታ መጠየቅ ስለማይኖርበት ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይቀላል።

በመላኪያ ቁልፉም ተመሳሳይ ችግር አለ። «ላክ» ለወንድ፣ «ላኪ» ለሴት፣ «ይላኩ» ለአክብሮት ነው። «ላኪ» ደግሞ «የላከ ሰው» ማለትም ስለሆነ በራስጌው ላይ ካለው ስያሜ ጋር ይምታታል። በቁልፉ ላይ የቀስት ሥዕል አድርጎ ለስክሪን አንባቢ «መልእክት መላኪያ» የሚል ስያሜ መስጠት ችግሩን ያቃልላል።

ዓረፍተ ነገርን ከቁርጥራጭ መቀጠልም አያዋጣም። ስም፣ ግስ፣ ተሳቢ በሚል በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተል የተሠራ ኮምፖነንት «ከበደ ላከ ፎቶ» የሚል ያወጣል። ኮምፖነንቱ ለየቋንቋው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተቀብሎ ስሙን በክፍት ቦታው ቢያስገባ ይሻላል።

=== ፍለጋ ===

በአማርኛ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «አ» እና «ዐ» በንባብ አንድ ናቸው። «ጽጽቃ» እና «ፅፅቃ» ተብሎ የሚጻፈው አንድ ከተማ ነው፤ የፍለጋ ኮምፖነንት ሁለቱን ካላመሳሰለ ተጠቃሚው ያለ መልእክት የለም ይባላል። ሆኖም ይህ ማመሳሰል ለሁሉም ቋንቋ አይሠራም። በትግርኛ «አ» እና «ዐ»፣ «ሀ» እና «ሐ» የተለያየ ድምፅ አላቸው። ስለዚህ ቋንቋው ራሱ ለፍለጋው ግብዓት መሆን አለበት።

=== ሰዓትና ቀን ===

ሰርቨሮች ጊዜን የሚመዘግቡት በዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። የኢትዮጵያ የጊዜ ክልል ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በአገራችን አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ ከማለዳ ስለሚቆጠር ከዚህ 6 ሰዓት ይቀነሳል። በዓለም አቀፉ 06:20 የተመዘገበ መልእክት በአዲስ አበባ 9:20፣ በእኛ አነጋገር ግን ከጠዋቱ 3:20 ነው። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ዘመናዊ ብራውዘሮች ያውቁታል፤ የ6 ሰዓቱን ልዩነት ግን ፕሮግራመሩ ራሱ ማስላት ይኖርበታል።

ይህ ሥራ በአንድ የሰዓት ኮምፖነንት ውስጥ ከተቀመጠ ጥቅሙ ይታያል። ሳጥኑ፣ የውይይቶች ዝርዝርና ማሳወቂያው ያንኑ ስለሚጠቀሙ በአንዱ ቦታ 3:20 በሌላው 9:20 አይልም። የቀን መለያው ግን ውሳኔ ይፈልጋል፦ ከሌሊቱ 7:30 የተላከ መልእክት ቀኑ ከእኩለ ሌሊት በሚጀምርበት አቆጣጠር የማግሥቱ ሲሆን በብዙ ሰው አነጋገር ገና ያው ሌሊት ነው።

== ተደራሽነትና ደኅንነት ==

ኮምፖነንት አንድ ጊዜ በትክክል ከተሠራ ትክክለኛነቱ በሁሉም ገጽ ይደርሳል። በአንድሮይድ መመሪያ የሚነካ ነገር ቢያንስ 48 በ48 የገጽታ ነጥብ እንዲሆን ይመከራል። በድር ተደራሽነት መመሪያ የተራ ጽሑፍና የጀርባው የብሩህነት ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት፤ በደማቅ ፀሐይ ከቤት ውጭ ለሚያነብ ሰውም ይጠቅማል። የመድረሻ ምልክት በቀለም ብቻ ከተለየ ቀለም መለየት የሚቸግረው ሰው አይረዳውም፤ ቅርጹም መለየት አለበት።

በደኅንነት በኩል የመልእክት ሳጥን ከሌላ ሰው የመጣን ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ብቻ ማሳየት አለበት። ሪአክት በነባሪ ይህን ያደርጋል። ፕሮግራመሩ ለጌጥ ብሎ መልእክቱን እንደ ገጽ ኮድ እንዲተረጎም ከፈቀደ ግን፣ ተንኮለኛ ላኪ በተቀባዩ መተግበሪያ ውስጥ የራሱን ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል። ክፍተቱ በአንዱ ሳጥን ከተፈጠረ በሁሉም ሳጥን አለ፤ ሲደፈንም በሁሉም ይደፈናል።

== ገደቦች ==

የሚመሳሰል ሁሉ አንድ ኮምፖነንት መሆን የለበትም። «አስቴር ቡድኑን ተቀላቅላለች» የሚለው ማስታወቂያ ከመልእክት ሳጥን ጋር ቢመሳሰልም ላኪ የለውም፣ አይመለስለትም፣ የመድረሻ ምልክት አያስፈልገውም። በአንድ ኮምፖነንት ለማሳየት ሲባል «ላኪው ይደበቅ»፣ «ምልክቱ ይደበቅ» የሚሉ ግብዓቶች እየተጨመሩ ሲሄዱ ኮዱ ለማንበብ ያስቸግራል። በተለምዶ አንድ ነገር ሁለት ሦስት ቦታ እስኪደገም ጠብቆ ከዚያ የጋራውን ማውጣት ይመከራል።

ላይብረሪዎቹ ራሳቸውም ዋጋ አላቸው። በድር በሚሠራ ቻት ተጠቃሚው አንድም መልእክት ከማየቱ በፊት የላይብረሪውን ኮድ ማውረድ አለበት። ለዚህ ሲባል እንደ ፕሪአክት ያሉ፣ ተጨምቀው 3 ኪሎባይት ገደማ የሚሆኑ አማራጮች ተሠርተዋል። ገጾቹ ጥቂት ለሆኑ ትንሽ መተግበሪያ ያለ ላይብረሪ መጻፍም ይቻላል፤ ክፍሎችን መለየት፣ መረጃን በአንድ ቦታ ማኖርና ለእያንዳንዱ መልእክት ቋሚ መለያ መስጠት በየትኛውም ቋንቋ የሚተገበሩ ናቸው።